አባዬ ቶርኖ የገዛበት ዓመት

በቅርቡ ለለቅሶ አሰላ ሄጄ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ ከአንድ የቆርቆሮ በር ውስጥ የተቃጠለ ዘይትና የጋለ ብረት ሽታ ወጥቶ ያዘኝ። ያዘኝ የምለው እውነቴን ነው፤ እግሬ አልነቃነቅ አለ። ውስጥ አንድ ወጣት ቶርኖ ላይ ጎንበስ ብሎ ብረት ይልጣል። ቀና ብሎ አየኝና «ምን ፈልገው ነው እማማ?» አለኝ። «ምንም፣ ሽታው ነው» አልኩት። ግራ ገባው። አይፈረድበትም፤ ሰው ደጅ ቆሞ የሚያሸተው ዶሮ ወጥ ነው እንጂ የብረት ሥራ ቤት አይደለም።

ለእኔ ግን ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነው። ልጅ ሆኜ የእያንዳንዱ ሰው አባት የየራሱ ሽታ ተሰጥቶት የሚፈጠር ይመስለኝ ነበር። የቄሱ ልጆች አባት ዕጣን ዕጣን ይሸታል፤ የነጋዴው በርበሬ በርበሬ፤ የእኔው ደግሞ ዘይት ዘይት። ቶርኖ በገዛበት ዓመት የዘይቱ ሽታ ቤታችንን ሊበትነው ምንም አልቀረውም ነበር።

አባዬ ዘውዴ ይባላል። በጣሊያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ መንገድ ከሚሠሩ መካኒኮች ጋር ውሎ እጁ ብረት ለምዶ ቀረ። እኔ ነፍስ ሳውቅ የአቶ ሁሴንን የወፍጮ ሞተር የሚያስነሳውና የሚጠግነው እሱ ነበር። አቶ ሁሴን የአርሲ ተወላጅ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሳቃቸው ከወፍጮው ድምፅ በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛ ጣል ሲያደርጉ አባዬም በዚያው ይመልስላቸዋል። ወዳጅ ያደረጋቸው ያ ክፉ ወፍጮ ነው። ዘንጉ በተሰበረ ቁጥር ስባሪውን በጆንያ ጠቅልለው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይልካሉ፤ ተሠርቶ እስኪመለስ ድረስ ወፍጮው ዝም ይላል፤ ሴቱ ሁሉ ወደ እጅ ወፍጮ ተመልሶ ሁለቱን ሲረግም ይውላል። አባዬ በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት አይሆንለትም።

«ቶርኖ ቢኖረኝ እኮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» ይላል እየተንቆራጠጠ።

«ሰው ላም ቢኖረኝ ይላል፣ መሬት ቢኖረኝ ይላል» ትለዋለች እማዬ። «አንተ ቶርኖ!»

ቶርኖ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አባዬን ብጠይቀው «ብረት በጥርሱ ነክሶ ይይዝና ያዞረዋል፤ ከዚያ ይላጣል» አለኝ። ከዚህ የተረዳሁት ቶርኖ አውሬ መሆኑን ነው። ብረት የሚበላ አውሬ ካለ ደግሞ ሰውስ ምን ይጎዳዋል ብዬ፣ እማዬ እምቢ በማለቷ በልቤ አመሰገንኳት።

በመስከረም መጨረሻ አቶ ሁሴን ወሬ ይዘው መጡ። ሁሩታ ውስጥ ወፍጮ ሲጠግን የኖረ አንድ ጣሊያን ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። «ያ ዘውዴ፣ ቶርኖውንም እየሸጠ ነው! ትንሿን፣ በእግር የምትረገጠዋን!» አሉ ገና ከበር፣ በኦሮምኛቸው እየተጣሩ። አባዬ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

አባዬ ያለው ዋጋ የሚያወጣ ንብረት አንዲት ዳማ በቅሎ ብቻ ነበረች። እሷንም ለሠርጉ የሰጡት አያቴ ግራዝማች ደስታ፣ የእማዬ አባት፣ ናቸው። በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ በቅሎ ያለው ሰው፣ ሰው ነው። አባዬ በቅሎዋን ለገበያ አወጣትና ሸጣት። እማዬ ያወቀችው የበቅሎዋ ልጓም ብቻውን ተሰቅሎ ስታይ ነው። አልጮኸችም። አኮረፈች፤ የእማዬ ኩርፊያ ደግሞ ከጩኸቷ ይከፋል።

ሁሩታ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ኩርፊያ ያለበት ቤት ትቶኝ መሄድ ከብዶት መሰለኝ። ጣሊያኑ ሽማግሌ ነው፤ ቆዳው እንደ ቲማቲም የቀላ፣ ቁምጣ የለበሰ። ከመጋዘኑ ጥግ ሸራ ሲገልጥ አውሬውን አየሁት። አራት እግር አለው። ጥርስም አለው፤ ከፊት ለፊት ክብ አፉ ውስጥ። ከአባዬ ኮት ጀርባ ተሸጎጥኩ።

አባዬ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና መሸሸጊያ አሳጣኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ የአውሬውን ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ። ጥርሱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ዳሰሰ።

«እዚህ ጋ ተበልቷል» አለ።

ጣሊያኑ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚሠራ። እኔም ዕድሜዬን ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሠራሁት። የእኔን ጉልበት ብታየው እሱም ተበልቷል።»

አባዬ ሳቀ። ግን አልተሸነገለም፤ ጣሊያኑ መርገጫውን እንዲረግጥ አደረገና ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይንኳኳ አይንኳኳ ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን አውሬው ታሞ አባዬ እያከመው መሰለኝ። የታመመ ነገር አያስፈራምና ቀረብ አልኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ተጨባበጡ። ጣሊያኑ በጨርቅ ከላይ እስከ ታች ወለወለው። «ዘይት አትከልክላት። ሌላ ምንም አትፈልግም» አለ። ቶርኖው ጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሊሄድ ሲል በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «ቻው» አለ። ቻው ያለው ለእኛ አልነበረም።

አሰላ ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። የአቶ ሁሴን ተሸካሚዎች ድብልብል ግንድ ከሥሩ እየዘረጉ፣ «ሆ!» እያሉ እየገፉ ቶርኖውን ጓሯችን ወዳለው የቆርቆሮ ጎጆ ሲያስገቡ አያቴ በበቅሎ ደረሱ። ከበቅሏቸው አልወረዱም።

«ዘውዴ፣ የሰጠሁህን በቅሎ ሸጠህ ይኼን ገዛህ?»

«አዎ፣ ግራዝማች።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ብረት ልሠራበት ነዋ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ብረት የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ ነው የሚባል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ሰው በዓይኑ ይበላል፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ማረሻውንና ማጭዱን ደጁ ድረስ ሄደው እየለመኑ ይገዙታል፤ በዋንጫው ግን አይጠጡም፤ ልጁን አያገቡም። አቶ ሁሴን እንደሚሉት በእነሱም ዘንድ «ቱምቱ» ይባልና ያው ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማራውና ኦሮሞው ብዙ ነገር ላይ ይከራከር ነበር፤ ቀጥቃጭን በመናቅ ግን አንድ ነበር።

«እኔ ልጄን የዳርኩት ለቀጥቃጭ አይደለም» አሉ አያቴ።

«ግራዝማች፣ ቀጥቃጭነት ከገበያ ይገዛል እንዴ?» አለ አባዬ።

አቶ ሁሴን ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ይመስለኛል። አያቴ ፊታቸው ጠቆረ። በር ላይ ወደ ቆመችው እማዬ ዞረው፣ «ቡዳ ቤት ገባሽ አስካለ! ልጅሽን ጅብ ያሳድግልሽ። እኔ ከዛሬ ወዲያ ከዚህ ቤት እህል ውሃ አልቀምስም» አሏትና በቅሏቸውን መለሱ።

የግራዝማች ቃል በሰፈሩ የተከበረ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት ሊጭር ወደ ቤታችን የሚመጣ ሰው ጠፋ። ድሮ ከጎረቤት አንዱ እሳቱ ከጠፋበት ልጁን በገል ይልክና ከምድጃችን ፍም ይወስድ ነበር፤ የእማዬ ምድጃ ጠፍቶ ስለማያውቅ ሁሌ ወደ እኛ ነው የሚመጡት። አሁን በደጃችን አልፈው ሌላ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። እማዬ በር ላይ ቆማ ፍም ይዘው ሲያልፉ ታያቸዋለች። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትላለች ለራሷ።

እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነው። የሚካኤል ማኅበርተኛ ነን፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የኅዳር ሚካኤል ደግሞ የእኛ ተራ ነበር። «ማኅበርተኛው እምቢ ብሎ ቢቀርስ?» ትለው ነበር አባዬን። «ድግሴን ማን ይበላዋል? የሞትን ዕለት ማን ይቀብረናል?» አባዬም መርገጫውን ትቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ይጠርጋል።

እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቅ ነበረኝ። የጎረቤት ልጅ ዘነበች፣ ቀጥቃጭ ጅብ የሚሆነው ከተረከዙ ጀምሮ ነው ብላ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ ተረከዙ ላይ ጠጉር ይበቅላል። ስለዚህ አባዬ እግሩን ሲታጠብ ውሃ አፍሳሽ ሆንኩ። «ምን ነካት ይቺን ልጅ፣ ጨዋ ሆነች!» ይላል። እኔ ተረከዙን እያየሁ ነው። አንድ ቀን የጥቁር ዘይት ነጠብጣብ አይቼ ጠጉር መስሎኝ ማንቆርቆሪያውን ጣልኩት።

ያም ሆኖ ጎጆዋ ውስጥ መዋል አልተውኩም። እንዴት ልተው! ነሐስ ሲልጥ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ፣ እያብለጨለጨ ይወርዳል፤ እየለቀምኩ ጆሮዬ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። አባዬ ሲሠራ ሁሌ ምላሱን በጥርሱ መሀል ይይዛል። አንዳንዴ ብረቱን እንድነካ ይፈቅድልኝና «ለስልሷል?» ይለኛል። «ለስልሷል» ስለው ከዓይኑ ጥግ ይስቃል። ጅብ ቢሆንም ልወደው ወሰንኩ። የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው መብላቱ ብቻ ነበር።

እማዬ ወደ ጎጆዋ የማትጠጋ ሰው ነበረች። አንድ ቀን ግን አባዬ የአቶ ሁሴንን የወፍጮ ዘንግ ሲሠራ ምሳ ይዛ መጣች። ዘንጉ ከብዶት፣ እየረገጡ መላጥ ለአንድ ሰው አላመች ብሎት ላብ በላብ ሆኗል። ቆማ አየችው፤ «ወግድ» አለችና መርገጫው ላይ እግሯን አሳረፈች። ልጅ ሆና በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ስፌት ተምራ ስለነበር ረገጣዋ ቀጥ ያለ ነው፤ አይፈጥን፣ አይዘገይ። አባዬ የሚልጠውን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። «ብረቱን እይ» አለችው። ከዚያ በኋላ ቀሚሷም ያንኑ ሽታ ይሸት ጀመር። ኩርፊያውም በዚያው አለቀ።

የማኅበሩ ቀን ሲቃረብ እማዬ አያቴን እንድጠራ ላከችኝ። ራሷ ሄዳ እምቢታውን መስማት አልፈለገችም። አያቴ ጸሐይ ላይ አግዳሚ ተቀምጠው የዝንብ ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩና «እማዬ ለሚካኤል ይምጡልኝ ብላለች» አልኳቸው። ጭራቸውን ማወዛወዛቸውን ቀጠሉ። እኔም ይህን ያህል ቀን ያፈንኩት ጥያቄ አመለጠኝ።

«አባባ፣ ሰው ጅብ ከሆነ በኋላ ልጁን ያውቃታል?»

«ማን ነው ጅብ የሚሆነው?»

«አባዬ ነዋ።»

ጭራው ቆመ። «ማን አለሽ?»

«እርስዎ ነዎት ያሉት። እማዬን ሲቆጧት።» ከዚያ እንዳይፈሩ ብዬ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ግን እርስዎ አይስጉ። መጀመሪያ የሚበላው የተቆጣውን ሰው ስለሆነ እርስዎን ነበር የሚበላው። እኔ ግን በየቀኑ ከእማዬ ቋንጣ እየሰረቅኩ ከቶርኖው ሥር አስቀምጥለታለሁ። እሱን ሲበላ ይጠግባል። ማለዳ ሳየው ሁሌ የለም።»

ቋንጣውን የሚበላው ድመታችን እንደነበረች ያወቅኩት በኋላ ነው። እማዬ በዚያ ሰሞን ድመቷ ወፈረች እያለች ትገረም ነበር።

አያቴ ጭራቸውን አጠገባቸው አኖሩት። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ይቆጣሉ ብዬም ፈራሁ፤ አልተቆጡም። የሽማግሌ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«ፈራሽ ልጄ?»

«ለእርስዎ ነው የፈራሁት።»

«ሂጂ» አሉኝ። «ለእናትሽ፣ ሰምቷል በያት።»

እመጣለሁም አላሉ፤ እቀራለሁም አላሉ። እማዬ ደጋግማ አስወራችኝ፤ «ሰምቷል ብቻ?» «ሰምቷል ብቻ።» ስለ ጅቡ ያወራነውን አልነገርኳትም፤ የቋንጣው ነገር ይወጣላ!

የሚካኤል ዕለት ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። አቶ ሁሴን «እኔ ባልበላም ዘውዴ ሰው አይነሰው» ብለው ሙክት ልከዋል። እማዬ ጠላውን፣ ወጡን፣ ድፎውን አሰናድታ፣ አዲስ ጨፌ ጎዝጉዛ፣ በዓይኗ በሩን ትጠብቃለች። ያሰበችው ሰዓት አለፈ። አባዬ ነጭ ለብሶ፣ ጥፍሩን በአሸዋ ፈትጎ፣ የሚያደርገው አጥቶ ቆሟል። አንድ ጊዜ «አስካለ፣ እነሱ ካልመጡ ቶርኖውን እሸጠዋለሁ» አላት። ቀስ ብሎ ነው ያላት፤ እኔ ግን ሰማሁ። እማዬ የጎዘጎዘችውን ጨፌ እንደገና ታስተካክል ጀመር።

ከዚያ መጡ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከፊት፣ ማኅበርተኛው ከኋላ። እማዬ ደስታዋ ገደቡን አጣ፤ እልል አለች። ጸሎቱ ደረሰ፤ ተቀመጡ፤ ጠላውን ልትቀዳ ዋንጫዎቿን ይዛ ወጣች። የማኅበሩ ሙሴ አቶ ወርቁ፣ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ ዳኛ ነው፣ ከጋቢያቸው ሥር የገዛ ቤታቸውን ጣሳ አወጡ። ከጎናቸው ያለውም ከብብቱ ኩባያ አወጣ። ሴቶቹም ከነጠላቸው ሥር። ሁሉም የየቤቱን ይዞ ነው የመጣው።

«አይክፋሽ አስካለ» አሉ አቶ ወርቁ ዓይናቸውን ሰብረው። «ጉንፋን ገብቷል። በየራሳችን ብንጠጣ ይሻላል ብለን ነው።»

ሚካኤልን ፈርተው መጡ እንጂ እኛንስ እንደፈሩን ናቸው። እማዬ ዋንጫዎቿን ታቅፋ መሀል ቤት ቆማ ቀረች። ፊቷን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። እንግዳ ቤት ገብቶ ዕቃ ከመጸየፉ የበለጠ የሚያም ነገር እንደሌለ ያን ዕለት ገባኝ። አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ የፈተጋቸውን እጆቹን ያያል።

በሩ ጨለም አለ። አያቴ ናቸው። በትራቸውን እየተመረኮዙ ገቡ፤ ሁሉም ተነሣላቸው። «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ፤ ግን ራሳቸው አልተቀመጡም። በየሰዉ እጅ ያለውን ጣሳና ኩባያ አንድ በአንድ አዩ። አቶ ወርቁ ጣሳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉት።

«አስካለ» አሉ አያቴ፣ «ዘውዴ የሚጠጣበት ዋንጫ የታል?»

እማዬ ዋንጫውን ከመደቡ ላይ አነሳችው። አባዬ ጠዋት ጠጥቶበት የጠላ አተላ ከሥሩ ቀርቷል። ልታጥበው ወደ ጓዳ ዞረች።

«አትለቅልቂው» አሉ። «እንዳለ ቅጂልኝ።»

እማዬ ቀዳች፤ እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሲቀበሏት ጠላው ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ፤ አላዩትም። ሐኪም ጠላ ከልክሏቸው ነበር፤ ያንን ዋንጫ ግን ሳያርፉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አተላው እስኪወርድ ድረስ ጠጡት። ጨርሰው ጢማቸውን ጠረጉ። አባዬን በዓይናቸው ፈልገው አገኙትና አጠገባቸው ያለውን መደብ በበትራቸው መታ መታ አደረጉ፤ ና፣ እዚህ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። አባዬ እንደ ተማሪ ልጅ ሄዶ ተቀመጠ።

አያቴም ዋንጫውን ወደ እማዬ ዘረጉ።

«ድገሚኝ» አሏት።

እማዬ እንባዋን ሳትጠርግ እስከ አፉ ሞላችላቸው።